ደጃፍና ጓሮ

በአማርኛ ለምግብ የሚተከለው ቅጠልና ሥራ ሥር ሁሉ «የጓሮ አትክልት» ይባላል። ጎመኑም፣ ቃሪያውም፣ ነጭ ሽንኩርቱም የጋራ ስማቸውን ያገኙት ከጣዕማቸው ወይም ከመልካቸው አይደለም፤ ከቆሙበት ሥፍራ ነው። «የደጃፍ አበባ» የሚል ስም ግን አልተለመደም። ደጃፉ ለአበባ የተሰጠ መሆኑ አስቀድሞ እንደ ታወቀ ስለ ተቆጠረ ስም ማውጣት ያላስፈለገ ይመስላል። እንግዲህ ቋንቋው የከተሜውን ግቢ ለሁለት ከፍሎታል፤ የሚታየው ከፊት፣ የሚበላው ከኋላ። ይህ ክፍፍል የአቀማመጥ ጉዳይ ብቻ ነውን? ወይስ ከበስተጀርባው ስለ ውበት፣ ስለ ሥራና ስለ ሰው የተያዘ አስተሳሰብ አለ?

ለዚህ ጥያቄ መነሻ የሚሆነው አንድ ደጃፍ ነው። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በሊቦ ከምከም የምትገኘው ይፋግ በ19ኛው መቶ ዓመት በሲራራ ነጋዴዎች ዘንድ በገበያዋ የታወቀች ነበረች፤ በአካባቢዋም ወይን ይለማ እንደ ነበር የዘመኑ ተጓዦች ጽፈዋል። በዚህች ከተማ የሚኖር የአንድ መምህር ደጃፍ በሐሳብ ይሣል። ከአጥሩ እስከ በሩ ጽጌረዳ ተተክሏል። በጽጌረዳው መካከል ጎመን ቆሟል፤ በመግቢያው ግራና ቀኝ ቃሪያ ቀልቷል፤ በመስኮቱ ሥር በሶብላና ጤና አዳም ይሸታል፤ የዱባ ሐረግ ቢጫ አበባውን ይዞ አጥሩን ወጥቶበታል። ከአላፊ አግዳሚው አንዱ «ምነው ደጁን ጓሮ አደረገው!» ሲል ያዝናል። ሌላው ደግሞ «አበባውን ነቅሎ ሁሉንም ጎመን ቢያደርገው ምን ነበረበት?» ይላል። ሁለቱ አስተያየቶች የሚቃረኑ ይመስላሉ። ነገር ግን በአንድ ነገር ላይ ተስማምተዋል፤ ይኸውም ውበትና ጥቅም በአንድ መደብ ላይ አብረው ሊበቅሉ አይገባም የሚለው ነው።

የመጀመሪያው አስተያየት በፍልስፍና ታሪክ ጠበቃ አላጣም። ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት በ1790 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራው ስለ ውበት የሚሰጥ ፍርድ ከጥቅምና ከፍላጎት የተላቀቀ መሆን እንዳለበት ሲያስረዳ አበባን በምሳሌነት ጠቅሷል። በዚህ አባባል ውስጥ እውነት አለ። አንድን ነገር ለሆዱ ብቻ የሚመለከት ሰው ነገሩን በሙሉ አላየውም። ሩሲያዊው ኒኮላይ ቼርኒሼቭስኪ ግን በ1855 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ ውበትን ከሕይወት ጋር አቆራኝቶ ሌላ ጥያቄ አነሣ፤ የማን ዐይን ነው የሚፈርደው? ገበሬው ቆንጆ የሚላት ሥራ ያጠነከራትን፣ ጤና ጉንጯን ያቀላውን ልጃገረድ ሲሆን፣ ባላባቱ የሚያደንቀው ሥራ ያልነካውን ለስላሳ እጅ መሆኑን አመለከተ። ከዚህ አንጻር ሲታይ፣ የሚበላ ነገር ከቶ የማይታይበት ደጃፍም የሚናገረው አለው። «በዚህ ቤት ያለው ሰው ለመብላት መሬት መቆፈር አያስፈልገውም» ይላል። በእንግሊዝ መኳንንት ቤቶች ፊት የተንጣለለው ሣር የሀብት ምልክት የሆነውም ሊታረስ የሚችል መሬት ሳይታረስ እንዲቀር ማድረግ የሚቻለው ባለጸጋ ብቻ ስለ ነበረ ነው።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። ባለ እጅን በሙያው የማሳፈር ልማድ ሥር የሰደደ ነበር። ገበሬው ቀጥቃጩ በሠራው ማረሻ እያረሰ ቀጥቃጩን «ቡዳ» ሲል አገለለው፤ ጌታው ገበሬው ያመረተውን እየበላ ገበሬውን ናቀው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል መድረሳቸው የልማዱን ጥልቀት ያሳያል። «መደብ» የሚለው ቃል ችግኝ የሚተከልበትንም አፈር፣ ሰው በኅብረተሰብ ውስጥ ያለውንም ሥፍራ መጥራቱ እንግዲህ ለዚህ ጉዳይ የተመቸ ግጥምጥሞሽ ነው። ጎመኑን ከደጃፍ ያራቀው እጅና ቀጥቃጩን ከማዕድ ያራቀው እጅ ሩቅ ለሩቅ አይደሉም።

ይሁን እንጂ የፊትና የኋላ ክፍፍል ሁሉ ከንቀት የመጣ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። በጉራጌ ከቤቱ ፊት ጀፎረ የሚባለው ሣር የለበሰ ሰፊ የጋራ መንገድ ይዘረጋል፤ እንሰቱ ከቤቱ ጀርባ ነው። ጀፎረው ክፍት ሆኖ የሚጠበቀው እንሰት ስለሚያሳፍር አይደለም። ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ ሸንጎውም የሚካሄደው በዚያ ላይ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ የአንድ ደጃፍ ሥነ ምግባር የሚመዘነው በውስጡ ምን እንደ ተተከለ በመቁጠር ብቻ አይደለም፤ ለማን ክፍት እንደ ሆነ በመጠየቅም ነው።

ወደ ሁለተኛው አስተያየት ሲታለፍ፣ አበባው ይነቀል የሚለው ሰው የጥቅም ወገን ነኝ ይላል። ነገር ግን የጥቅምን ምንነት አጥብቦታል። በመስከረም የደቡብ ጎንደር ኮረብቶች በአደይ አበባ ቢጫ ይለብሳሉ፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ የኑግ ማሳው በተራው ቢጫ ይሆናል። አንዱ የዘመን መለወጫ ምልክት ነው፤ ሌላው ዘይት ነው። የእፅዋት ሊቃውንት ሁለቱን በአንድ ቤተሰብ ይመድቧቸዋል፤ ንቡም ከሁለቱም ይቀስማል። ድንበሩም ቢሆን ጸንቶ የቆመ አይደለም። ቲማቲም በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ አውሮፓ ከገባ በኋላ በሰሜኑ ክፍል መርዝ ነው ተብሎ ስለ ተፈራ ለረጅም ጊዜ ለጌጥ ይተከል ነበር። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የእፅዋት ሊቅ ሺምፐር በ1858 እ.ኤ.አ. ገደማ እንደ ሆነ ይነገራል፤ ያ እንግዳ ተክል ግን ዛሬ በደብረ ታቦር ደጋ የብዙ ቤተሰብ ቀለብ ነው፤ አበባውም ማሳውን ያደምቃል።

ከሁሉ ይልቅ በዚህ ጉዳይ የሚያስተምረው ጓያ ነው። በፎገራና በደምቢያ ጥቁር አፈር የሚበቅለው ይህ ተክል ሰማያዊ አበባው እጅግ ያማረ ነው። ውኃ ሲተኛበትም፣ ድርቅ ሲመታውም ይቋቋማል፤ ሌላው እህል ሲጠፋ እርሱ ይተርፋል። በዚህም የተነሣ በክፉ ዘመን የድሃው መጠጊያ ይሆናል። ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን ያሽመደምዳል፤ ሽባ ያደረገውም አይመለስም። ያምራል፣ ይጠቅማል፣ ይጎዳል። ሰው ይህን የሚበላው ጉዳቱን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ የሚመርጠው አጥቶ ነው። እንግዲህ ረኀብ ውበትን የመመልከት ጊዜን ብቻ ሳይሆን ጥቅምን በትክክል የመመዘን ነጻነትንም ይነጥቃል። ሆዱ የሚያስገድደው ሰው ለጥቅም ኖረ አይባልም። ለአስገዳጅ ኖረ እንጂ።

የመምህሩ ደጃፍ ቁም ነገር የሚገለጠው ከዚህ ላይ ነው። ጥቂት ክንድ መሬት ቤተሰብን አትቀልብም፤ ይህን እርሱም ያውቃል። ሆኖም በዚያች መሬት ላይ መራጭ ሆኗል። ጽጌረዳውን ያልነቀለው ሰው እንጀራ ብቻውን እንደማይበቃው ስለሚያምን ነው፤ ጎመኑን ያልደበቀው ሥራው ስለማያሳፍረው ነው። ይህ ምርጫ ታዲያ ዕውቀትን ይጠይቃል። ለጽጌረዳ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት ለሚበላ ቅጠል አይሆንም፤ ለጌጥ ከሚተከሉትም መካከል መርዛሞች ስላሉ ሕፃን ከሚቀጥፈው ቅጠል አጠገብ ሊቆሙ አይገባም። ማስማማት ማለት ያገኙትን ሁሉ መደባለቅ አይደለም።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ደጃፍ ላይ ያለ ቃሪያ የአላፊው እጅ ይደርስበታል። ቢቀጠፍስ? ለዚህ የአገሩ ገበሬ የቆየ ሕግ አለው። መንገደኛ ከማሳው ዳር የሽምብራ ወይም የባቄላ እሸት ነቅሎ እየበላ ቢያልፍ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ጭኖ መሄድ ነው። በዚህ ልማድ የራብተኛው እጅና የሌባው እጅ ተለይተው ታውቀዋል። የከተማው አጥር ይህን ልዩነት አስረስቷል፤ የጽጌረዳው ደጃፍ የሚጋብዘው ዐይንን ብቻ ነውና። ጎመንና ቃሪያ የቆመበት ደጃፍ ግን ባለቤቱንም አላፊውንም ይፈትናል። ባለቤቱ አንድ ፍሬ ስለ ጎደለ አጥሩን በእሾህ ያጥራልን? አላፊውስ ልኩን ያውቃልን? ሁለቱም ፈተናውን ካለፉ፣ በዚያች ደጃፍ ላይ ከቅጠል የበለጠ ነገር በቅሏል።

ግእዝ «ሠናይ» ሲል ያማረውንም መልካሙንም በአንድ ቃል ይጠራል። «ሥነ ምግባር» በሚለው ስያሜ ውስጥም «ሥን» ማለት ውበት ነው፤ የምግባር ማማር እንደ ማለት። የጥንቱ ቃል አንድ ያደረገውን የኋላው ኑሮ ደጃፍና ጓሮ ብሎ ለያየው። ይህን የለያየው ኑሮ ነውና የሚያገናኘውም ኑሮው ሲለወጥ ነው፤ ቃል ብቻውን አይበቃም። ይሁንና ለውጡ በአንድ ደጃፍ፣ በአንድ መደብ ጎመን ሊጀመር ይችላል። ማለዳ በይፋግ መንገድ የሚያልፍ ተማሪ ጤዛ ያዘለ ጎመን ከጽጌረዳ ጎን ቆሞ ቢያይና ሁለቱንም «ያምራል» ቢል፣ መምህሩ ክፍል ሳይገባ አንድ ትምህርት ሰጥቷል።