የማይቀጣህ አበዳሪ



ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ! ዛሬ ጁሙዓ ነው። ታጥበህ፣ ንጹሕ ልብስህን ለብሰህ ወደ መስጂድ ስትሄድ አንድ ጥያቄ ይዘህ ሂድ። ሁለት ሰዎች አበድረውሃል። አንደኛው ከዘገየህ ይቀጣሃል። ሌላው «ሲመችህ ትመልሳለህ» ብሎሃል። ገንዘብ እጅህ ሲገባ መጀመሪያ የምትከፍለው ለማን ነው?

ቶሎ አትመልስ። እስቲ አንድ ወጣት እናስብ።

ይህ ወጣት ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አካባቢ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ይሸጣል እንበል። ዕቃ ለመጨመር ስልኩ ላይ ካለ የብድር አገልግሎት ገንዘብ ወሰደ። በ30 ቀን ውስጥ ከነክፍያው 6 ሺህ ብር መመለስ አለበት። ክረምቱ ገባ፣ ዝናቡ በረታ፣ ገበያው ቀዘቀዘ። ቀኑ ሲደርስ እጁ ላይ 2 ሺህ ብር ብቻ አለ። «ከሌላ አገልግሎት ተበድሬ ይህንን ልዝጋው» አለ። ሌላኛው የፈቀደለት ጣሪያ ግን 1 ሺህ 500 ብር ብቻ ሆነ። ተናደደ። «እኔን በ1 ሺህ 500 ብር ነው የሚያምነኝ?» አለ።

ከዚያ ገበያ ውስጥ ጤፍ ወደሚሸጥ ጓደኛው ሄደ። ጓደኛው ኪሱን ፈትሾ 2 ሺህ 500 ብር አወጣ። «ወንድሜ፣ ያለኝ ይሄው ነው፤ ሲመችህ ትመልሳለህ» አለው። ሦስቱ ተደምሮ 6 ሺህ ሞላ። ወጣቱም «አልሐምዱሊላህ፣ ዕዳዬን ከፈልኩ» ብሎ ተነፈሰ።

በሚቀጥለው ወር ገንዘብ ሲያገኝ ለሁለተኛው አገልግሎት ከፈለ፤ ምክንያቱም ቀን ይቆጥራል፣ መልእክት ይልካል፣ ቅጣት ይጨምራል። ጓደኛውን «ይቆየኝ» አለ። በሁለተኛው ወርም ይቆየኝ። በሦስተኛው ወር በጤፍ ተራ ማለፍ ተወ። ጁሙዓ ሲሆን ደግሞ ኋላ ሰፍ ላይ ቆሞ፣ ኢማሙ እንዳሰላመተ ጫማውን አንሥቶ ቀድሞ ይወጣል።

ሱብሃነላህ! የቀጣው ተከፈለው። ያዘነለት ተሸሸ።

ወንድሜ ሆይ! ይህ የደብረ ማርቆስ ልጅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ያለው ዘመድህም ያውቀዋል። እዚያ የክሬዲት ካርድ ዕዳ የበዛበት ሰው ዕዳውን የሚያዛውርበት ሌላ ካርድ አለ። አዲሱ ካርድ ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ፣ ወለድ አይቆጥርም። ሲያዛውር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ክፍያ ይጠይቃል። ችግሩ ጣሪያው ነው፤ ባንኩ ስንት እንደሚፈቅድልህ የምታውቀው አብዛኛውን ጊዜ ካመለከትክ በኋላ ነው።

እናስላው። 8 ሺህ ዶላር በዓመት 24 በመቶ ወለድ የሚቆጠርበት ሰው በወር 160 ዶላር ያህል ለወለድ ብቻ ይከፍላል። አዲሱ ካርድ የሰጠው ጣሪያ 2 ሺህ 500 ዶላር ነው እንበል። የማዛወሪያው 3 በመቶም ከዚያው ጣሪያ ውስጥ ስለሚቆጠር ማዛወር የሚችለው 2 ሺህ 427 ዶላር ያህል ነው። የቀረው 5 ሺህ 573 ዶላር አሮጌው ካርድ ላይ በወር 111 ዶላር ያህል ወለድ እየወለደ ይቆያል። ሰውየው አንድ ዕዳ ይዞ ገባ፣ ሁለት ዕዳ ይዞ ወጣ። በወር 49 ዶላር ያህል ቀለለት፤ ነገር ግን አሮጌው ካርድ ላይ ባዶ ቦታ ስላገኘ እንደገና ከሸመተበት ከቀድሞው የባሰ ይሰምጣል።

እኛም አገር ይህ መንገድ እየሰፋ ነው። ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመት ከዳሸን ባንክ ጋር የብድርና የቁጠባ አገልግሎቶች አቀረበ። ሌሎች ባንኮችም ያለ መያዣ በስልክ ማበደር ይዘዋል። ዛሬ ብድር ለማግኘት ዋስ ይዞ ደጅ መጥናት ቀርቷል፤ ጣት ይበቃል። ስለዚህ ጥያቄው አንተም ደጅ ይደርሳል፦ ዕዳን በዕዳ መክፈል መክፈል ነው?

ዲናችን ለዚህ ነገር የቆየ ስም አለው፤ ሐዋላ ይባላል። ዛሬ ሐዋላ ስንል ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ነው የሚታሰበን። በፊቅህ ኪታቦች ውስጥ ግን ሐዋላ ማለት ዕዳን ከአንዱ ሰው ጫንቃ ወደ ሌላው ጫንቃ ማሻገር ነው። ነብያችን (ሶ.ዐ.ወ) መክፈል የሚችል ሰው ክፍያን ማዘግየቱ በደል መሆኑን አስተምረው፣ በዚያው ሐዲስ ላይ አበዳሪው መክፈል ወደሚችል ሰው ሲመራ እንዲቀበል አዝዘዋል። ሁለቱ ነገር አንድ ላይ መምጣቱን ልብ በል። ዕዳ ማሻገር ይቻላል፤ ለማዘግየት ግን መሸፈኛ አይሆንም።

ልዩነቱም እዚህ ላይ ነው። በሐዋላ ዕዳው ወደ ሌላ ከፋይ ያልፋል። ከአንዱ አፕ ተበድረህ ሌላውን ስትዘጋ ግን ከፋዩ ያው አንተ ነህ። የተለወጠው አበዳሪው ነው። ይህ መክፈል አይደለም፤ ዕዳው ቤት ቀየረ እንጂ አንተ ገና ከዕዳው አልወጣህም። ወለድ ካለበት ደግሞ ጉዳዩ የሒሳብ ብቻ አይደለም፤ ሪባ ሐራም መሆኑን ታውቃለህ። «የአገልግሎት ክፍያ» የሚል ስም ስላየህም አትረጋጋ። ክፍያው እውነተኛ ወጪን የሚሸፍን ነው ወይስ በብድሩ መጠንና በጊዜው የሚያድግ? ይህን ለኡስታዝህ ውሉን አሳይተህ ጠይቅ፤ ከእኔ ፈትዋ አትጠብቅ።

አሁን ወደ ጣሪያው እንመለስ። ትንሽ ጣሪያ ሲሰጥህ ለምን ተዋረድክ? ማሽኑ የሚያየው ምን ያህል እንደምታንቀሳቅስና ቀድሞ እንዴት እንደመለስክ ነው። አማናህን አያይም። በሕይወቱ አንድ ቀን ቃሉን አጥፎ የማያውቅ የጉልት ነጋዴ በስልክ ምንም ላይፈቀድለት ይችላል። ስለዚህ ያ ቁጥር የአንተ ዋጋ አይደለም።

ግን እውነቱን እንነጋገር። «ትንሽ ጣሪያ ሁልጊዜ ኸይር ነው» ብልህ እዋሽሃለሁ። ለታመመች እናቱ የሚበደር ሰው አለ፤ ግማሽ መፍትሔ መንገድ ላይ ያስቀረዋል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ማሽኑ 1 ሺህ 500 ብር ሲሰጥህ ሰደበኝ ብለህ ተቆጣህ። ጓደኛህ 2 ሺህ 500 ሲሰጥህስ? ያ የእሱ ጣሪያ ነበር። ልዩነቱ ማሽኑ የሰጠህ ቢጠፋ እንኳ የማይጎዳውን ያህል ነው፤ ጓደኛህ የሰጠህ ግን ያለውን ነው። ጤፍ ሊገዛበት የነበረውን ሰጠህ።

እህቴ፣ አንቺም ስሚ! «ብድር በምድር» ይሉ የለ አባቶቻችን። ውለታ እዚሁ ይመለሳል ለማለት ነው። እኛ ግን ገልብጠነዋል። የሚያስፈራንን እናከብራለን፣ የሚያዝንልንን እናስረሳለን። «እሱ ወንድሜ ነው፣ ይረዳኛል» የሚለው ቃል ሲጀምር ፍቅር ይመስላል። ሦስት ወር ሲሞላው ግን በወንድምህ ትዕግሥት መነገድ ይሆናል።

«ቅጣት ስላለብኝ ነው አፑን ያስቀደምኩት» ትል ይሆናል። ይህ እውነት ነው፣ ምክንያትም ይሆናል። ዕዳህ እንዳያድግ በጊዜው ማቆም ተገቢ ነው። ነገር ግን ጓደኛህ ይህን ከአንተ አፍ ሰምቷል? «በዚህ ወር ያኛውን ካልዘጋሁ ይጨምርብኛል፤ ለአንተ 500 ብር ይዤአለሁ፣ ቀሪውን ለመስከረም» ብለህ ነግረኸዋል? ከነገርከውና እሺ ካለህ፣ ቅደም ተከተሉን የወሰናችሁት ሁለታችሁ ናችሁ። ካልነገርከው በእሱ ገንዘብ ላይ ብቻህን ወሰንክ። ነብያችን (ሶ.ዐ.ወ) ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ ነበር። ምክንያቱን ሲጠየቁ ባለዕዳ ሲናገር እንደሚዋሽ፣ ቃል ሲገባም እንደሚያፈርስ አስረድተዋል። ያስፈራቸው የኪስ መጉደል አልነበረም፤ የአንደበት መበላሸት ነበር። በኋላ ሰፍ ላይ የተደበቀው ወጣት ያጣው 2 ሺህ 500 ብር አይደለም፤ ፊቱን ነው።

አበዳሪ ለሆንክም አንድ ቃል አለኝ። ሱረቱል በቀራ ባለዕዳው ከተቸገረ እስኪያገኝ እንዲታገሡት፣ ምሕረት ቢያደርጉለት ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ያስተምረናል። ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለው በቁርአን ረጅሙ አያ ደግሞ ዕዳ እንዲጻፍ ታዝዟል። መታገሥና መጻፍ አይጣሉም። መጻፉ ወዳጅነትን ከመርሳት ይጠብቃል።

የአቡ ቀታዳንም (ረ.ዐ) ታሪክ አስታውስ። ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ሲቀርብ ነብያችን (ሶ.ዐ.ወ) ሳይሰግዱበት ቀሩ። አቡ ቀታዳ ዕዳውን በራሱ ላይ ወሰደ፤ ያን ጊዜ ሰገዱበት። እነሆ እውነተኛው ማዛወር! ዕዳው ለመክፈል ኒያ ወዳለው ሰው ጫንቃ ተሻገረ። ከዘካ ተቀባዮች ስምንት ክፍሎች አንዱ ባለዕዳዎች መሆናቸውም በከንቱ አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ዛሬ ከዐስር ሶላት በፊት ዕዳህን ሁሉ በወረቀት ጻፍ። የሚቀጡህን ብቻ ሳይሆን ዝም ያሉህንም ጻፍ።

ሁለተኛ፣ ያገኘኸው ጣሪያ ትንሽ ነው ብለህ ሦስተኛ በር አታንኳኳ። ሰው ዕዳ የሚዘጋው በሚያገኘው፣ በሚሸጠውና በሚቀንሰው ነው።

ሦስተኛ፣ ሳይቸግርህ እቁብ ግባ። የእቁብ ጣሪያ የራስህ መዋጮ ነው፤ ወለድም የለውም። ከወለድ ነፃ ባንክንም እወቅ። ብሔራዊ ባንክ አገልግሎቱን በመመሪያ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ እንደ ዘምዘም ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮችም ከ2021 ወዲህ ይሠራሉ። እነዚህ በዋናነት ዕቃ ገዝተው በትርፍ ይሸጡልሃል፣ ወይም በሥራ ይሻረኩሃል። አሮጌ ዕዳ የምትዘጋበት ጥሬ ገንዘብ ይሰጡኛል ብለህ አትጠብቅ። ሥራ ስትጀምር ሂድ እንጂ ስትሰምጥ አይደለም።

አራተኛ፣ ከሁሉም የሚከብደው፦ ያንን ጓደኛህን ዛሬ ፈልገው። ከሶላት በኋላ አትሩጥ፣ በሩ ላይ ጠብቀው። 200 ብር ብቻ ካለህም 200 ብር ይዘህ ቁም። ብሩ ቢያንስም ስለ ዕዳው መጀመሪያ የምታነሣው አንተ ሁን።

ያ አላህ! በሐላል አብቃቃን፣ ከሐራም ጠብቀን። የተጨነቁ ባለዕዳዎችን ጭንቀት አንሣላቸው። ላዘኑልን ሰዎች አፍረን የምንሸሽ አታድርገን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ!