ከግርግሩ ፈቀቅ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጀምረው ከራሴ በደል ነው። አምና እዚሁ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሜ ሳስተምር፣ አንድ የሰባት ዓመት ገደማ ልጅ ሁለት ጆሮውን በመዳፉ ደፍኖ፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ እየተወዛወዘ ይጮኽ ነበር። እናቱ በነጠላዋ ሸፍና ታባብለዋለች። እኔ በማይክሮፎን፣ ሕዝብ ሁሉ እየሰማ፣ «እኅቴ፣ ልጁን ወጣ አድርጊልን» አልኩ። ወጣች። የዕለቱ ትምህርቴ ስለ ፍቅር ነበር።

ልጁ ኦቲዝም እንዳለበት የሰማሁት በኋላ ነው። ከአናቱ በላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ለእኛ ስብከት ያሰማል፤ ለእሱ ግን ጆሮ የሚበሳ ወስፌ ሆኖበት ነበር።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 መጨረሻ ላይ፣ ዐሥር ከተማ በሚባለው አገር፣ መስማት የተሳነውና አንደበቱ የተያዘ ሰው ወደ ጌታ ያመጣሉ። እኛ ሰባኪዎች «ኤፍታህ»፣ ማለትም «ተከፈት»፣ የምትለዋ ቃል ላይ ለመድረስ ስንጣደፍ ከእሷ በፊት ያለውን እንዘለዋለን። ጌታ አስቀድሞ ሰውየውን ከሕዝቡ ግርግር ነጥሎ ወሰደው። ከዚያ ጆሮውን በጣቱ፣ ምላሱንም ነካ፤ ወደ ሰማይ ቀና አለ። ለማይሰማ ሰው በእጁ ነገረው። ተአምሩ ሳይደረግ ገና፣ ሰውየው የሚገባው ቋንቋ ተፈልጎለታል።

ይህን ስል ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሁሉ «ይፈታ» ማለቴ አይደለም። ኦቲዝም ከአእምሮ ዕድገት ጋር የተያያዘ አፈጣጠር ነው፤ የምናስወጣው መንፈስ አይደለም። ጸበል የወደደ ይሂድ፤ ልጅን በገመድ አስሮ መውሰድን ግን እምነት ብላችሁ አትጥሩብኝ።

«የማን እርግማን ነው?» የሚለው ሹክሹክታም ይብቃን። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀው ነበር፤ ጌታ በእሱም በወላጆቹም አላመካኘም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስን ታስታውሷቸዋላችሁ። ሌላው ልጁን እቤት በሚደብቅበት ዘመን «ልጄ ኦቲዝም አለበት» ብለው አደባባይ ወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስ ስንቱን እናት ከጓዳ አወጡ!

ጓዳ ካልኩ ስለ ማዕዳችን ላንሳ። ዘመድ ይመጣል፤ ልጁ ሦስት ጊዜ ካልተሳመ፣ ጉርሻ ካልተቀበለ ቅር ይለዋል። «ያላደገ» ይባላል፤ ነቀፌታው እናትየው ላይ ያርፋል። አንዳንድ ልጅ የወጥ ርጥበት ከንፈሩን ሲነካው ይዘገንነዋል። እጁ ላይ ደረቅ እንጀራ ብታስቀምጡለት ምን ይጎድልባችኋል? ጉርሻ ፍቅር የሚሆነው አፍ ሲከፈትለት አይደለም እንዴ?

አንዲት የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት አውቃለሁ። ከበሩ አጠገብ ይቀመጥ የነበረውን ልጅ ጫጫታ ወደሌለበት ጥግ አዛወረችው። በካርቶን ቁራጮች ላይ የቀኑን ውሎ ሣለችለት፤ ፊደል፣ እረፍት፣ ምሳ፣ ቤት። ደወል ሊደወል ሲል የደወሉን ሥዕል ታሳየዋለች፤ ጆሮውን ይዞ ይዘጋጃል። ድሮ በድንጋጤ ከክፍል ሮጦ ይወጣ የነበረ ልጅ ነው። ዛሬ እሷ ብትረሳ ጎረቤቱ ካርቶኑን ያነሣለታል። ወጪው ካርቶንና እስክሪብቶ ነው።

ያችን እናት ፈልጌ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ነገሬን አስጀምራ አላስጨረሰችኝም፤ «መምህር፣ እሱስ ይቅር፤ ያ ድምፅ ማጉያ ወዲያ ቢዞርልኝ?» አለችኝ።

ዞረ። አሁን እዚያ ከጽዱ ሥር ይቀመጣሉ። ልጁ የጽድ ፍሬ በነጠላዋ ጥለት ላይ በተርታ ይደረድራል፤ ባለፈው እሑድ ሁለት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች እየለቀሙ ሲያቀብሉት አየሁ።