እባብ የተሸከመች ፊደል

ልጁ አምስት ዓመቱ ነው። ከፊቱ ነጭ ወረቀት፣ አረንጓዴ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ አለ። የሳምንቷን ፊደል እየሣለ ነው። የፊደሏን ሁለት እግርና ጎባጣ ጀርባ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰና ከበላይዋ እባብ መሣል ጀመረ። ተራ እባብ እንዳይመስላችሁ። ዓይን አለው፣ ምላሱን አውጥቷል፣ ጅራቱ ከወረቀቱ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ተጠምዝዟል። እኔ ረዳት አስተማሪ ነኝና ሥራዬን ሠራሁ። «እንዲህ አይደለም፣ አበላሸኸው» አልኩት። ወረቀቱን አንስቼ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት፤ በምትኩ ፊደሏ በነጠብጣብ የተሠራችበትን ወረቀት ሰጠሁትና ነጠብጣቡን ብቻ እንዲከተል ነገርኩት።

አላለቀሰም። ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር። ብሩሹን አስቀመጠ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አደረገና ዝም አለ።

የምሠራው ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ ባለ መዋለ ሕፃናት ነው። ግማሹ ቀን በስፓኒሽ፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ ነው የሚያልፈው። እዚህ አካባቢ ሐበሻና ሳልቫዶራዊ ጎረቤት ነው፤ እንጀራ ከሚሸጥበት ሱቅ ጥቂት አለፍ ብሎ ፑፑሳ ይጋገራል። የኔን ስፓኒሽ ያስተማሩኝ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ አብረውኝ ዕቃ ያጥቡ የነበሩ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ያለሁት ግማሽ አስተማሪ፣ ግማሽ ተማሪ ሆኜ ነው። ዋናዋ መምህርት ከሳልቫዶር ናት። ልጆቹ «ማኤስትራ» ይሏታል፤ እኔም እንደዚያው።

ማኤስትራ ፊደል የምታስተምረው በእጅ ነው። አንድ ቀን በጭቃ ያድቦለቡላሉ፣ አንድ ቀን ቦሎቄ በኮላ ይለጥፋሉ፣ ሌላ ቀን ምንጣፉ ላይ ተጋድመው በሰውነታቸው ፊደል ይሠራሉ። «ኦሆ» የሚለውን ቃል ያስተማረችበትን ቀን አልረሳውም። ዓይን ማለት ነው፤ በሦስት ፊደል ይጻፋል። ከግራና ከቀኝ ሁለት ክብ፣ መሀል ላይ ወደ ታች የወረደ ቆልማማ መስመር። ልጆቹ ክቦቹ ውስጥ ብሌን ነጠብ ሲያደርጉ ቃሉ ራሱ ፊት ሆኖ አፈጠጠባቸው። ቀጥሎ ደግሞ «ማ ሜ ሚ ሞ ሙ» እያሉ በዜማ ይወርዱታል። እኔ ጥግ ላይ ብሩሽ እያጠብኩ ሳቄ ይመጣል፤ የኔታ ፊት ቁጭ ብሎ «መ ሙ ሚ» ያለ ሰው ይሄን ሲሰማ አገሩ የገባ ይመስለዋል።

የእባቧ ፊደል የመጣችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስፓኒሽ ዛሬ ሃያ ሰባት ፊደል አለው። አንዷ፣ «ነ» የሚል ድምፅ ባላት ፊደል ራስ ላይ ትንሽ ሞገድ ሲደረግባት የምትገኘው ናት። ሞገዷ ስትኖር ድምፁ «ኘ» ይሆናል። ቀልድ አይደለም፣ ሞገዷ ትርጉም ትለውጣለች። «አኞ» ዓመት ነው። ሞገዷን ከረሳችኋት ግን ቃሉ የምንቀመጥበት ነገር ቀዳዳ ይሆናል። «አምስት ዓመቴ ነው» ብሎ ሊጽፍ የተነሳ ልጅ ምን ብሎ እንደሚያርፍ እናንተው ጨርሱት።

ያን ቀን ከሰዓት፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ ማኤስትራ ወረቀቱን ከቅርጫት አወጣችው። ቀለሙ ተላልጧል። ምንም ሳትቆጣኝ አስተካክላ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ልጁ ሲነቃ ጠርታ «እባቡ እዚያ ላይ ምን ያደርጋል?» አለችው። ልጁ እኔን ሰረቅ አድርጎ አየኝና መለሰ። «ይነክሳታል። ስትነከስ ‹ኝ› ትላለች።»

በቃ። እኔ አበላሸኸው ያልኩት ሥዕል ውስጥ ደንቡ ቁጭ ብሏል። ፊደሏ ብቻዋን ስትሆን አንድ ድምፅ አላት፣ የላይኛው ምልክት ሲያርፍባት ሌላ ድምፅ ታወጣለች። የኔ ነጠብጣብ ይሄን አልነገረውም። ነጠብጣቡ የነገረው እጁ የት የት ማለፍ እንዳለበት ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይዞኛል። ፊደልን በሥዕል ስናስተምር ሥዕሉ የማን ነው? ልጁ የራሱን ነገር እየሠራ ነው ወይስ እኛ የምንፈልገውን ነገር በቀለም አታለን እያስዋጥነው ነው? መራራ መድኃኒት በማር እንደሚሰጠው ማለት ነው። ማሩን የምንወደው ልጁ እንዲደሰት ብለን ነው ወይስ አፉን እንዲከፍትልን?

ብዙ ክፍል ውስጥ የማየው ነገር መልሱን ይሰጠኛል፤ መልሱም አያስደስትም። «አቤሃ» ንብ ነው፤ በመጀመሪያዋ ፊደል ይጀምራል። ስለዚህ ግድግዳ ላይ ሃያ ንብ ተለጥፏል። ሃያውም ቢጫ ነው፣ ሃያውም በአንድ ልክ ተቆርጧል፣ ሃያውም ክንፉ እኩል ነው። አብዛኛውን የቆረጥነው እኛ ነን፤ ልጆቹ ኮላ ነው የቀቡት። ወላጅ ሊወስድ ሲመጣ ደስ ይለዋል፣ ፎቶ ያነሳል። ልጁ ግን የትኛው ንብ የእሱ እንደሆነ ለማወቅ ከጀርባው የተጻፈውን ስም ማየት አለበት። ይሄ ሥነ ጥበብ ከተባለ የጫማ ፋብሪካም ሥነ ጥበብ ነው።

«እንግዲያው ልጁን ልቀቁት፣ እንደፈለገ ይሣል» የሚል አለ። እኔም አንድ ሰሞን እንደዚያ አስቤ ነበር። ግን አንዲት ልጅ ነበረች፤ ፊደሏን አበባ አደረገቻት፣ አበባዋን ዛፍ አደረገቻት፣ ዛፉ ላይ ድመት አወጣች። ግሩም ሥዕል ነበር። ፊደል ግን አልነበረም። ማኤስትራ ሥዕሉን አደነቀችላትና ጠየቀቻት። «ይሄን ለአያትሽ ብንልክላት ታነብልሻለች?» ልጅቷ አሰበች። «ዛፉን ታያለች» አለች። ከዚያ ሌላ ወረቀት ለመነች።

ይሄ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ሥዕል ብቻህን ሆነህም ሥዕል ነው። ፊደል ግን ከዚያ ወዲያ የሚቀበለው ሰው ከሌለ ጭረት ነው። ክፍላችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ልጆች አሉ። አንዳንዶቹ ቤታቸው የሚወራው እንግሊዝኛ ነው፤ ወላጆቻቸው ስፓኒሽ ነገ ይጠቅማቸዋል ብለው ነው ያመጧቸው። ሌሎቹ ደግሞ እናታቸው የምታባብላቸው፣ የምትቆጣቸውም በዚህ ቋንቋ ነው። ለመጀመሪያው ልጅ ሞገዷ ብትቀር አንድ ጥቅም ነው የሚቀርበት። ለሁለተኛው ከአያቱ የሚመጣው መልእክት ነው የሚዘጋበት። «ነፃ ይሁኑ» ስንል ነፃነቱን በእኩል ዋጋ እየሸጥንላቸው አይደለም። ቤቱ መጽሐፍ የሞላ ልጅ እኛ የተውንለትን ነገር ማታ አልጋው ላይ ያገኘዋል። ሌላው ከእኛ ካላገኘው ከማንም አያገኘውም።

ደግሞስ ፊደል ራሱ ሲጀመር ሥዕል አልነበረም እንዴ? ከ3,500 ዓመት በላይ በፊት፣ በሲና በረሃ ሴማዊ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ድንጋይ ላይ የበሬ ራስ፣ ቤት፣ ውኃ፣ ዓይን ቀረጹ። ሥዕሎቹ ቀስ በቀስ ድምፅ ሆኑ። አንዱ ቅርንጫፍ በፊንቄዎች፣ በግሪኮችና በሮማውያን አልፎ ስፔን ደረሰ። ሌላው በደቡብ ዓረቢያ በኩል ወደ እኛ ዞረ። ያ ዓይን ዛሬም በሁለቱም ወገን ክብ ነው። እነሱ ዘንድ ክቧ «ኦ» ናት፣ እኛ ዘንድ ዓይኑ «ዐ»። ልጆቹ «ኦሆ»ን ጽፈው ብሌን ሲጨምሩበት ሳያውቁት የቆየ ዕዳ ከፈሉ።

ሞገዷም የራሷ ታሪክ አላት። በመካከለኛው ዘመን የነበሩ ጸሐፍት ቦታና ጊዜ ለመቆጠብ፣ ሁለት «ን» ተከታትለው ሲመጡባቸው አንዷን ይጽፉና ሁለተኛዋን በላይዋ በትንሽ ምልክት ያሳዩ ነበር። በላቲን «አኑስ» ዓመት ነው፤ በሁለት «ን» ይጻፋል። እሱ ነው በስፓኒሽ «አኞ» የሆነው። የእኛዎቹም አማርኛን በግዕዝ ፊደል ሊጽፉ ሲነሱ ለ«ኘ» ድምፅ ፊደል አጡ። «ነ»ን ወሰዱና ራሷ ላይ ሰረዝ ጫኑባት። «ሰ» «ሸ» የሆነችው፣ «ተ» «ቸ» የሆነችው፣ «ደ» «ጀ» የሆነችው በዚሁ መንገድ ነው። እነዚያ ጸሐፍትና እነዚህ ጸሐፍት አልተዋወቁም። የገጠማቸው ችግር አንድ ነበር፤ እጃቸውም ተመሳሳይ መልስ ሰጠ። እንግዲህ ፊደል ላይ አንድ ነገር መጫን ማበላሸት ከሆነ እኔ ራሴ «እኛ» ብዬ የምጽፈው በተበላሸ ፊደል ነው።

ሕጉም ቢሆን ከሰማይ የወረደ አይደለም። የስፔን ቋንቋ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2010 ድሮ እንደ ፊደል ይቆጠሩ የነበሩ ሁለት ጥምር ምልክቶችን ከፊደል ገበታው አውጥቷል፤ ሃያ ሰባት የሆነው ያኔ ነው። ባለሞገዷንም የነካት አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1991 የአውሮፓ ማኅበረሰብ፣ ስፔን ውስጥ የሚሸጥ ኪቦርድ ሁሉ ይህችን ፊደል እንዲይዝ የሚያስገድደው ደንብ ለንግድ እንቅፋት ነው አለ። አገሩ ተነሳ። ኮሎምቢያዊው ደራሲ ገብርኤል ጋርሺያ ማርኬዝ ሳይቀር ተሟገተላት። በ1993 የስፔን መንግሥት በአዋጅ አስጠበቃት። ለአንዲት ሞገድ።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ማርፋ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ልጆች የሚማሩበት ብላክዌል የተባለ ትምህርት ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ተማሪዎቹ የስፓኒሽ ቃላትን በቁራጭ ወረቀት እንዲጽፉ ተደረገ። ወረቀቶቹ ሣጥን ውስጥ ገቡ። ከሰንደቅ ዓላማው አጠገብ ጉድጓድ ተቆፈረና «ሚስተር ስፓኒሽ» ተቀበረ። ዛሬ ቦታው እንዳይረሳ ብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራ ተብሎ ተከልሏል።

ዕቃዎቹን ልብ በሉልኝ። ወረቀት፣ እርሳስ፣ ሣጥን፣ የልጅ እጅ። እኛም በየሳምንቱ የምንዘረጋቸው ናቸው። ስለዚህ «በሥዕል ነው የምናስተምረው፣ በጨዋታ ነው» ማለት ብቻውን ከደሙ ንጹሕ አያደርገንም። ልጅ እየቆረጠና እየለጠፈ አባቱ ያወጣለትን ስም ሊቀብር ይችላል። የሚለየው ነገር ልጁ የሚሠራው ነገር የእሱ እንዲሆን መፈቀዱ ነው።

የልጁን የአባት ስም እስካሁን አልነገርኳችሁም። «ፔኛ» ነው። ብዙ ሺህ ሰው የሚጠራበት ስም ነው፤ ትርጉሙ ዐለት ነው። የክፍላችን የስም ዝርዝር የሚታተምበት ኮምፒውተር ግን ሞገድ አያውቅም። በሩ ላይ፣ መደርደሪያው ላይ፣ የምሳ ካርዱ ላይ «ፔና» ብሎ አትሞታል። «ፔና» ኀዘን ነው። ልጁ ማንበብ አይችልም፤ ይሄን አውቆ እባብ ሣለ ብዬ አልዋሻችሁም። እኔ ግን ማንበብ እችላለሁ። ወራት ሙሉ በዚያ ካርድ ፊት ሳልፍ አላየሁትም፤ ፊደሏን በገዛ እጁ ሲሠራት ግን ቀማሁት።

አሁን እንዲህ ነው የምንሠራው። ማኤስትራ ከመጀመራቸው በፊት ሁለት ነገር ትለያለች። «ይሄ የሁላችንም ነው» ትላለች፤ ሁለቱን እግር፣ ጎባጣውን ጀርባ፣ ከላይ ያለውን ነገር እያሳየች። «ይሄ ደግሞ ያንተ ነው» ትላለች። ከላይ አንድ ነገር መኖር አለበት። እባብ ይሁን፣ ጢም ይሁን፣ የምትበር ወፍ ይሁን አንጠይቅም። ልጅ ሕግ አይጠላም። የሚጠላው የትኛው ሕግ እንደሆነና የትኛው የእኛ አመል እንደሆነ ሳንነግረው ስንቀር ነው። እኔ ያን ቀን አመሌን ሕግ አስመስዬ ነው የሰጠሁት።

ልጁን ይቅርታ ጠየቅኩት። አምስት ዓመት ልጅ ይቅርታ ሲጠየቅ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ምንም። ብስኩቱን ይበላል። ከዚያ ማርከር ይዤ ወደ መደርደሪያው ሄድኩና ስሙ ላይ ሞገዷን ልጨምር ስል እጄን ያዘ። ማርከሩን ተቀበለኝና ራሱ ሣላት፤ ምላሷን ጭምር። የምሳ ካርዱ ዛሬም ኀዘን እንዳለ ነው የሚታተመው፤ በየወሩ አዲስ ሲመጣ በየወሩ እንሥላለን።

አንድ ቀን እኔ ስጽፍ አይቶ መጣ። ለእናቴ የምልከው መልእክት ነበር። ፊደሉ ገርሞት «ይሄስ?» እያለ በጣቱ ይነካል። «ኘ»ን አሳየሁትና ከሱ ፊደል ጋር አንድ ድምፅ እንዳላት ነገርኩት። ጎንበስ ብሎ ራሷ ላይ ያለውን ቀጥ ያለ ሰረዝ ትክ ብሎ አየው።

«ያንቺ እባብ ተኝቷል» አለኝ።