ጉዳዩ የማን ነው?

አንዲት ሴት በባሏ ተደብድባ ወደ ጎረቤት ስትሸሽ፣ ወይም አንዲት ልጅ ተጠልፋ ስትገኝ፣ ማንም ጮክ ብሎ ሳይጠይቀው ሁሉም የሚመልሰው ጥያቄ አለ፤ ጉዳዩ የማን ነው? ሽማግሌዎች የቤተሰብ ነው ብለው ይቀመጣሉ። ዐቃቤ ሕግ የመንግሥት ነው ብሎ መዝገብ ይከፍታል። ሁለቱም ከእውነቱ የያዙት አለ። ሦስተኛው መልስ፣ ጉዳዩ የእሷ የራሷ ነው የሚለው፣ በአፍ የሚቀል በሥራ የሚከብድ ስለሆነ እሱን ልፈትነው እፈልጋለሁ።

ከመሠረቱ እንነሳ። ጥቃት የሚወስደው ምንድን ነው? ነገሩ የቁስልና የስብራት ብቻ ቢሆን ከደረጃ የወደቀችም ሴት ትሰበራለች፤ ወጌሻው ሁለቱንም እኩል ያሻል። የተመታችው ሴት ግን በሌላ ሰው ፈቃድ ነው የተሰበረችው። ስለ ገላዋ፣ ስለ ቤቷ፣ ስለ ነገዋ የመወሰን ሥልጣኗ ከእጇ ወጥቶ በሌላ እጅ ገብቷል። እንዲህ ከሆነ ድጋፍ የሚባለው ነገር የተነጠቀውን መመለስ መሆን አለበት። በቅን ልብ የሚወስንላት ደግ ሰውም ቢሆን ያው ወሰነላት።

አሁን የመጀመሪያውን መልስ እንይ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ካገባትና ጋብቻው ከጸና ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። ሕጉ ጋብቻው በፈቃዷ ይሁን ማለቱ አልቀረም። ግን በጠላፊዋ ጎጆ ተቀምጣ፣ “ከእንግዲህ ማን ያገባሻል” እየተባለች የምትሰጠው ፈቃድ ምን ዓይነት ፈቃድ ነው? ከሕጉ ጀርባ ያለው አስተሳሰብ ግልጽ ነው፤ የተጎዳው የቤተሰቡ ክብር ስለሆነ ሠርጉ ክብሩን ጠገነው፣ ነገሩም አለቀ።

ሽምግልናን በዚህ ምክንያት ብቻ መጣል ግን ችኮላ ነው። ሽማግሌ ቶሎ ይደርሳል፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሰዎቹን ያውቃል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶዎቹ እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። እርዳታ ከጠየቁት ውስጥ ከሦስት አንዷ ያህል የሄደችው ወደ ጎረቤት ነው፤ ከዚያ ጥቂት ያነሱት ወደ ገዛ ቤተሰባቸው ሄደዋል። የመጀመሪያው በር ሰፈሩ ነው ማለት ነው፤ ወደድንም ጠላንም።

ችግሩ ያለው ሽማግሌዎቹ የተቀመጡለት ዓላማ ላይ ነው። ደም ለማድረቅ፣ ድንበር ለማካለል የተበጀ ሥርዓት ሁለት ወገኖችን ማስታረቅ ያውቅበታል። ጥቃት ላይ ሲመጣም እንደ ልማዱ ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ የእሱን ዘመዶችና የእሷን ዘመዶች ያገኛል። ካሳው ለአባት ይቆጠራል፣ ይቅርታው ከወንድም ይጠየቃል። እሷ የምትጠራው መጨረሻ ላይ ነው፤ “ልጄ፣ ለልጆችሽ ስትይ ቻይው” ለመባል። ልብ በሉ፣ ይህን የሚሏት ሽማግሌ ክፉ ላይሆኑ ይችላሉ። ሰላም አውርደናል ብለው በእርካታ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ በእርግጥም በሁለቱ ቤቶች መካከል ሰላም ወርዷል። እሷ ከሁለቱም ቤት አልነበረችም እንጂ።

ሁለተኛው መልስ ብዙ ነገር አስተካክሏል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አደረገ፤ የፍቺን ውሳኔ ከቤተሰብ ሽማግሌዎች እጅ አውጥቶ ለፍርድ ቤት ሰጠ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ የጠላፊውን መሸሸጊያ አፈረሰ፤ አገባትም አላገባትም ከሦስት እስከ አሥር ዓመት እሥር ይጠብቀዋል። ሆኖም ይኸው ሕግ አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጭ የሚፈጸም ድርጊት አድርጎ ስለተረጎመው ባሏ ለሚያስገድዳት ሴት በዚህ ረገድ ያላት ነገር የለም። ጉዳዩ የመንግሥት ነው ያለው መንግሥት ራሱ መኝታ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ጉዳዩን ለባል ትቶ ይመለሳል።

መንግሥት በሩን አልፎ በሚገባበት ጊዜም የራሱ አወሳሰድ አለው። ባለጉዳይ የነበረችው ሴት ምስክር ትሆናለች። ለፖሊስ ትናገራለች፤ ለሐኪም፣ ለዐቃቤ ሕግ፣ በመጨረሻም ተከሳሹ በተቀመጠበት ችሎት ለዳኛ ትደግማለች። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተጀመረው የአንድ ማዕከል አገልግሎት የተፈለገው ለዚህ ነው። ሕክምናው፣ የሥነ ልቦና ምክሩ፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ግቢ ሲገኙ የምትደጋግመው ቃል ይቀንሳል፣ የምትንከራተተው መንገድ ያጥራል። መንገዱ ማጠሩ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለተደፈረች ሴት የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ ጊዜው ያልፋል። ሽማግሌዎች “እስኪ እሑድ ድረስ እንታገስ” ሲሉ በዚያው ሰዓቱ እየነጎደ ነው።

ወደ ሦስተኛው መልስ እንምጣ። በዚያው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ድንጋጌ አለ። በመደፈር ያረገዘች ሴት ጽንሱን ማቋረጥ ከፈለገች ስለ መደፈሯ የምትሰጠው ቃል ብቻውን በቂ ነው፤ የፍርድ ቤት ውሳኔ ወይም የፖሊስ ማስረጃ አትጠየቅም። “ሴትን ያመነ ጉም የዘገነ” እየተባለ በሚተረትበት አገር ሕግ የሴትን ቃል እንዲሁ መቀበሉ እኔን ያስደንቀኛል። ፈራጆቹ ቃሏን መዝነው የሚፈርዱት ተከሳሹ ላይ ነው፤ ስለ ገላዋ ለመወሰን ግን ቃሏ ይበቃል። ሁለቱ ሚዛኖች የተለያዩ መሆናቸውን ሕጉ ገብቶታል።

የራሷ ነው ማለት እስከ ታሪኩ ድረስ ይዘልቃል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ ተከሰሰች፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተሟገተላትና ራሷን ስትከላከል ነው ተብላ በነጻ ወጣች። “ድፍረት” የተሰኘው ፊልም የተሠራው ከዚህ ታሪክ ተነስቶ ነው። ፊልሙ በውጭ አገር ተሸልሞ በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ታገደ፤ ያሳገደችው ባለታሪኳ ናት። ሳልፈቅድ ታሪኬ ተወሰደ አለች። እገዳው ኋላ ተነሳ። በጊዜው ብዙዎች ተቆጡ፤ ለሴቶች የቆመን ፊልም እንዴት ታሳግዳለች አሉ። እኔ ግን ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አላየሁም። ተሟጋቾቿ በነጻ እንድትወጣ አድርገዋል፣ ፊልሙ ዓለምን አስለቅሷል፤ እሷ ግን ልትጠየቅ ይገባ እንደነበር ለማሳሰብ ፍርድ ቤት መሄድ አስፈለጋት። ስሟን እዚህ ያልጻፍኩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ትልቁ ተቃውሞ ከዚህ ይነሳል። ውሳኔው የእሷ ከሆነና እሷ ወደሚመታት ባል መመለስ ብትፈልግስ? ፈቃዷ ራሱ በሰፈሩ የተቀረጸ ከሆነስ? ያው የ2008ቱ ጥናት ባል ሚስቱን መምታቱ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ያሉት 63 በመቶ ሴቶችና 28 በመቶ ወንዶች መሆናቸውን መዝግቧል። አኃዙ ያስገርማል፤ ደጋግሜ ሳስበው ግን የማይፈታ አይመስለኝም። ሕጉን ጠንቅቆ የሚያውቀው የሚቀጣበት ሰው ነው። መቼ እንደምትመታ አስቀድማ ማወቅ ያለባት ሴት ሥርዓቱን ከመቺው ይበልጥ ታጠናዋለች፤ ያጠናችውንም ልክ ነው ብላ ልትቀበለው ትችላለች።

እንዲህ የተቀረጸ ፈቃድ ነጻ ነው ለማለት አልደፍርም። ስለዚህ ሌላ ሰው ይወስንላት ማለት ግን አይከተልም። ፈቃድ የሚሰፋው ምርጫ ሲኖር ነው፤ የሚታደርበት ሲታጣ ወደ ቤት መመለስ ምርጫ ሊባል አይችልም። ማሪያ ሙኒር የመሠረተችው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር አድራሻውን ሰውሮ አልጋ፣ ሐኪም፣ ጠበቃና የሙያ ሥልጠና የሚሰጠው በዚህ ዓይን ሲታይ ከምጽዋት ያልፋል። የምታስብበት ጊዜ ይሰጣታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አስባ ብትመለስ እንኳ ደግማ ስትመጣ “ነግረንሽ አልነበረም ወይ” የማይላት በር ያስፈልጋታል።

ለሕፃን ልጅ ይህ ሁሉ እንዳለ አይሠራም። የአሥር ዓመት ልጅ ክስ ይቅርብኝ ብትል አዋቂው ክሱን መተው አይችልም፤ ምን እንደሚደረግና ለምን እንደሚደረግ ግን ሊነገራት ይገባል። አጥቂው ነገ ሌላዋን እንዳይመታ መከልከልም የመንግሥት ግዴታ ነው፤ በእሷ ትከሻ ላይ ሊጫን አይገባም። የእሷ ነው ያልኩት ሕይወቷን ነው፤ እሱን የመቅጣት ሸክም የእሷ ነው አላልኩም።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ሰፈሩ ነው። ማረፊያ ለዘለዓለም አይኖርበትም። ልብስ ስፌት ወይም ምግብ ዝግጅት ተምራ የምትወጣ ሴት ቤት ተከራይታ መኖር አለባት፤ ዕድሩ በባሏ ስም የተመዘገበ ከሆነም ለቅሶ ቢደርስባት ድንኳን የሚተክልላት የለም። ጉዳዩ የእኛ ነው ሲሉ የነበሩት ጎረቤቶችና ሽማግሌዎች የሚፈተኑት ያኔ ነው። ዕድሩ በራሷ ስም ይመዘግባታል? አከራዩስ ባል የሌላት፣ ሁለት ልጅ ያስከተለች ሴት አንድ ክፍል ስትጠይቀው ከባሏ ለምን እንደወጣች ሳይመረምር ቁልፉን ይሰጣታል?