ስለ ኮከብ ስምና ስለ ሰው ስም

ስም የሚወጣው ከተሰያሚው ጠባይ ነውን፥ ወይስ ከሰያሚው መቆሚያ? ሠውር በተባለው የከዋክብት ክፍል ያለውን ቀዩን ኮከብ ዐረቦች አልደበራን፥ ማለት ተከታይ ብለውታል፤ ሰባቱን ከዋክብት ተከትሎ ይወጣልና። ሕንዶች ግን መልኩን አይተው ሮሂኒ፥ ቀይቱ፥ አሏት።

ዛሬ እንደ ታወቀው ይህ ኮከብ በስፋቱ ከፀሐይ 40 እጅ ይበልጣል። ከምድርም የሚርቀው 65 የብርሃን ዓመት ያህል ሲሆን፥ የሰባቱ ርቀት ግን ከ400 ያልፋል። እንግዲህ ተከታይ የተባለው ማንንም አይከተልም፤ ተከታይ ያስመሰለው የተመልካቹ ስፍራና የምድር መዞር ነው።

ስለዚህ የዐረቦቹ ስም ሐሰት ነው ማለት አይገባም፤ የዐይንን ሥርዐት በእውነት ይናገራል። ኮከብም ስሙን አይሰማ። ሰው ግን ይሰማል፤ ሎሌ እየተባለ ያደገ ልጅ ማንም ሳያዘው ጎንበስ ይላል፥ ሎሌ ብሎ የጠራውም “ጠባዩ ነው” ይላል።