መድኃኒት እንደ እንጀራ ይካፈላል ወይ?

በዚህ እትም ላነሳ የፈለግኩት ጥያቄ ቀላል ይመስላል፣ ግን ሳስበው ቆይቻለሁ። እሁድ እሁድ ስንገናኝ አንዷ "ቶንሲሌ ተነሳብኝ" ካለች ሦስት አራት ቦርሳ ይከፈታል። አንዷ ሁለት ፍሬ አሞክሲሲሊን፣ አንዷ ከአገር ቤት የመጣ ቴትራሳይክሊን፣ ሌላዋ ደግሞ ስሙ የጠፋ ካፕሱል ታወጣለች። ሁሉም በፍቅር ነው። ታዲያ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በፍቅር የተሰጠ ነገር ሁሉ ደግ ሥራ ነው ወይ?

መቼም እኛ ያደግነው ተካፍለን ነው። ብቻውን የሚበላ ሰው በእኛ ዘንድ ስሙ አያምርም። "ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው" ሲባልም ሰምተናል። እዚህ ቤይሩት ደግሞ ብዙዎቻችን ከእህቶቻችን በቀር ሰው የለንም። ማዳምን ሐኪም ዘንድ ውሰጂኝ ስንላት "ነገ" ትላለች፣ ያ ነገ ደግሞ አይመጣም። ስለዚህ ቦርሳ ውስጥ ያለችው ኪኒን እንደ ዘመድ ትታየናለች።

እኔ ራሴ መጀመሪያ በሠራሁበት ቤት ሽንቴን እያቃጠለኝ ሐኪም ብዬ ብለምን፣ ከመሳቢያ የተረፈ ኪኒን አውጥተው ሰጡኝ። የማን እንደነበረ፣ ለምን በሽታ እንደታዘዘ፣ ስንት ቀን እንደሚወሰድ የነገረኝ የለም። ከሕመሙ ይልቅ የቆጨኝ፣ የተረፈ ነገር የሚበቃት ሰው ተደርጌ መቆጠሬ ነው። የቤቱ ልጅ ሲያተኩሰው በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ተወሰደ፣ ለእኔ ግን መሳቢያው በቃኝ። ይህን ያነሳሁት ለማማረር ብቻ አይደለም። እኛን ያስቆጣንን ነገር እኛው መልሰን ለእህታችን በፍቅር እንሰጣታለን ወይ ብዬ ነው።

እንጀራ ግማሹም ይጠቅማል። ግማሽ የበላ ሰው ግማሽ ይጠግባል። በባክቴሪያ ላይ የሚሠራ መድኃኒት ግን እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1941 በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከተማ አልበርት አሌክሳንደር የሚባል ፖሊስ በባክቴሪያ ተመርዞ ሊሞት ደረሰ። ሐኪሞቹ ያን ጊዜ ገና አዲስ የነበረውን ፔኒሲሊን ሰጡት፣ እሱም በጥቂት ቀን ውስጥ ተሻለው። መድኃኒቱ በጣም ጥቂት ስለነበረ ከሽንቱ ውስጥ እንደገና እያጣሩ ይሰጡት ነበር። በመጨረሻ አለቀ። በሽታው ተመልሶ መጣና ሰውየው በመጋቢት ወር ሞተ። እነዚያ ሐኪሞች አልሰነፉም፣ ፍቅርም አላጡም፤ ነገር ግን ያልበቃ መድኃኒት ሊያድነው አልቻለም። ሁለት ፍሬ ካፕሱል ለእህቴ ስሰጣት ከዚያ የተሻለ ምን እየሰጠኋት ነው?

ብዙ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ የማያስፈልጋትን ነው የምንሰጣት። ጉንፋንንና አብዛኛውን የጉሮሮ ሕመም የሚያመጣው ቫይረስ ነው፣ አሞክሲሲሊን ደግሞ ቫይረስን አይነካም። እህታችን ሁለት ፍሬ ትውጥና በሦስተኛው ቀን ይሻላታል፣ "ያቺ ኪኒን አዳነችኝ" ብላ ለሌላዋ ትመሰክራለች። ጉንፋኑ ግን ሳትውጠውም ይተዋት ነበር።

ሌላም አለ። "ይሄ መድኃኒት አይሠራልኝም፣ ሰውነቴ ለምዶታል" እንላለን። የሚለምደው ሰውነታችን አይደለም፣ ባክቴሪያው ነው። መድኃኒቱ ሲገባ ደካሞቹ ይሞታሉ፣ ሊቋቋሙት የሚችሉት ይተርፉና ይራባሉ። ያለ ቦታውና ያለ መጠኑ በወሰድነው ቁጥር ለእነዚህ ሜዳውን እናጸዳላቸዋለን። እነሱ ደግሞ እኛ ጋ ብቻ አይቀሩም። በእጅ፣ በምግብ፣ በሳል ወደ ሌላ ሰው ያልፋሉ፤ አብራን ወደምታድረው እህት፣ ወደምናዝለው ሕፃን።

ይህን አስቀድሞ የተናገረው ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር አንድ ምሳሌ አቀረበ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ያመዋል፣ ፔኒሲሊን ገዝቶ በራሱ ይወስዳል፣ መጠኑ ግን ባክቴሪያውን የሚገድል ሳይሆን የሚያስተምር ነው። ከዚያ በሽታው ወደ ሚስቱ ይተላለፋል። እሷ የሳንባ ምች ይይዛታል፣ በፔኒሲሊን ትታከማለች፣ ባክቴሪያው ግን ተላምዷልና ትሞታለች። ፍሌሚንግ የጠየቀው ለሞቷ ተጠያቂው ማነው ብሎ ነው፣ መልሱም ባልዬው ነው የሚል ነበር።

እኔ ይህን ሳስብ ባልዬው ያሳዝነኛል። ሚስቱን ሊገድል አልፈለገም፣ ጉሮሮውን ብቻ ነው ያመመው። ነገር ግን ደግ ሐሳብ የሥራን ውጤት አያጥበውም። ደግነት ማለት ፊት ለፊቴ ያለችውን ማየት ብቻ ሳይሆን፣ ከእሷ ኋላ ያለውን የማላየውን ሰውም ማሰብ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተመራማሪዎች ገምተዋል። የመድኃኒቱ ኃይል የአንድ ሰው ንብረት አይደለም፣ እንደ መንደር ምንጭ የሁሉም ነው። ምንጩን አንዱ ሲያደፈርሰው የሚጠማው ሌላው ነው።

አንዳንዶቻችሁ "አንቺ ታወሪያለሽ፣ በር የተቆለፈባት ምን ታድርግ?" እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። በጭንቅ ያገኘችውን የዋጠችውን እህት የምፈርድባት እኔ ማን ነኝ? ሐኪም ከልክሎ በመሳቢያ ኪኒን የሚያልፍ ሰው፣ ጥፋቱ የእሱ ነው። ግን የተበደልን መሆናችን ኪኒኑን ትክክለኛ አያደርገውም። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው አለ፤ አሞክሲሲሊንም የዚያው ዘር ነው፣ ፊት አብጦ ትንፋሽ እስከማጠር ያደርሳል። ቴትራሳይክሊን ለነፍሰ ጡር አይሆንም። የሽንት ማቃጠል ትኩሳትና የጎን ውጋት ከጨመረበት ኩላሊት ደርሶ ይሆናልና ለዕለቱ ሐኪም ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ኪኒኑን መከልከል እህትን መከልከል አይደለም። የምንካፈለው ሌላ ነገር አለ። የመጀመሪያው አፋችንን ነው። አረብኛ የማትችለውን እህት "ቢዲ ሩህ ዓልሐኪም" የሚለውን እናስጠናት፣ ካልሰሟት ከእኛ ጎበዟ ደውላ ትናገርላት። እ.ኤ.አ. በ2009 በሊባኖስ የወጣው የቤት ሠራተኞች የሥራ ውል አሠሪው ኢንሹራንስ እንዲገባልን ያስገድዳል፤ ውላችን ላይ ያለውን ማወቅና መጠየቅ አለብን። ሁለተኛው እግራችንን ነው፤ እሁድ የምትወጣ የታመመችውን ሐኪም ዘንድ ታድርሳት። ሦስተኛው ገንዘባችንን ነው። ለሞተ ሰው አስከሬን መላኪያ እናዋጣለን፣ ይህ ክብራችን ነው። ታዲያ በሕይወት እያለች ለምርመራ ብናዋጣላትስ? እድር ለሞት ብቻ ነው ያለው ማነው?

መድኃኒት ከታዘዘልን ደግሞ አራት ነገር እንጠይቅ፦ ለምንድነው፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ስንት ቀን፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ? የታዘዘውን እንደታዘዘ እንውሰድ፣ "ለክፉ ቀን" ብለን አናስቀር። የተረፈ ካለም ወደ ፋርማሲ እንጂ ወደ እህታችን አይሂድ።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይላሉ አባቶቻችን። ዛሬ እኔ የምጨምረው፣ የእህቱን በሽታ በሁለት ፍሬ ኪኒን ያስደበቀም እንደዚያው ነው። እህቴ የተረፈ አይበቃትም፤ ሙሉ ሕክምና ይገባታል። ይህን ለራሳችን ካላመንን ማዳምን እንዴት እናሳምናታለን?

በዚህ የማትስማሙ ካላችሁ ጻፉልን፣ በሚቀጥለው እትም እንወያይበታለን።