ሠሪና አሠሪ

ከእንፍራንዝ አጠገብ በኮረብታ ላይ የቆመውን የጉዛራን ግንብ ለማየት የሚወጣ እንግዳ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ማን አሠራው?» ብሎ ነው። መልሱም የተዘጋጀ ነው፤ ከ1555 እስከ 1589 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ሠርጸ ድንግል አሠሩት እንላለን። «ማን ሠራው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። በቋንቋችን የሁለቱ ቃላት ልዩነት የአንዲት ፊደል ነው፤ በአስተሳሰባችን ግን በመካከላቸው ሰፊ ገደል አለ። አሠሪው በስሙ ይታወሳል፤ ሠሪው ከኖራውና ከድንጋዩ ጋራ ተቀላቅሎ ቀርቷል።

ይህን ያነሣነው ስለ ግንብ ለማውራት ብቻ አይደለም። በዩኒቨርሲቲ ለሥዕልና ለትርኢት ጥበብ የተለዩትን ክፍሎች የሚጎበኝ ሰው በልቡ የሚመላለሰው ጥያቄ ከዚሁ የተያያዘ ስለ ሆነ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት፣ ለቀለም ቅብ፣ ለቅርጻ ቅርጽና ለኅትመት ጥበብ ለየራሳቸው የትምህርት ክፍል አላቸው። ይህን ያየ ሰው «ብዙ ችግረኛ ባለበት አገር ለሥዕልና ለጭፈራ ቤት መሥራት ተገቢ ነውን? አባቶቻችንስ ያለ አዳራሽ ጨፍረው፣ ያለ ዲፕሎማ ሥለው የለምን?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ለፊተኛው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ችግረኛው ራሱ ነው። ገበሬው የሚያዜመው ጎተራው ከሞላ በኋላ አይደለም፤ እያረመና እያጨደ ነው። ድኻ ልጁን ሲድር እስክስታ አይቀርም፤ ሲቀብርም ሙሾ አይቀርም። እንግዲህ ጥበብ ከጥጋብ የተረፈ ትርፍ ሳይሆን ሰው በጭንቁም በደስታውም የሚይዘው ምርኩዝ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። ነገር ግን አባቶቻችን በእርግጥ ያለ ቤት ነበሩን? የአቋቋምን ትምህርት እንመልከት። ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያው፣ የእግሩም አረማመድ ሳይቀር በሥርዓት የሚማሩት ነው። ተማሪው ቆሎ ቆርጥሞ፣ ውሻ ተከላክሎ፣ ዓመታት ከደከመ በኋላ በጎንደር በአታ ምስክር ይሆናል። የሚያገለግልበት ቅኔ ማኅሌት አለው፤ የሚመሰክርለት መምህር አለው፤ ስለዚህም ይከበራል። በአንጻሩ ማሲንቆ ይዞ የሚዞረው አዝማሪ ከአባቱ የወረሰው ዕውቀት ሳያንስ፣ የሚመሰክርለት ጉባኤ ስላልነበረው፣ በሠርጉ ቤት ተጠርቶ ከደጅ የሚቀመጥ ሆኖ ኖረ። ስሙም ስድብ ሆነ። ሁለቱን የለያቸው የተሰጥዎ ማነስ ሳይሆን የማዕርግ መኖርና አለመኖር ነው።

ሆኖም ቤት ብቻውን ክብር አይሆንም። በጎንደር ግቢ ከ1708 እስከ 1713 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዳዊት ሣልሳዊ ያሠሩት የመዝሙር ቤት እስከ ዛሬ ይጎበኛል። የቤተ መንግሥት አዳራሽ ነበርና የንጉሡን ስም ጠበቀ፤ የዘማሪዎቹን ስም ግን አላቆየልንም። ዐዋጅም ብቻውን አይበቃም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኛን በሥራው መስደብ በዐዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን ከአፍ ቢቀንስ ከልብ ቶሎ አልወጣም።

እንግዲህ የዩኒቨርሲቲው ቤት ከንጉሡ አዳራሽ በምን ይለያል? ለአሠሪው ደስታ ሳይሆን ለሠሪው ዕውቀት ሲቆም ይለያል። አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ሥዕል ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1950 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱን ሲከፍቱ፣ ሥዕል እንደ ማናቸውም ትምህርት በወንበር የሚሰጥ ሙያ ሆነ፤ ትምህርት ቤቱም ዛሬ የሚጠራው ባሠራው ባለሥልጣን ስም ሳይሆን በሠዓሊው ስም ነው። እንዲሁም በ1950ዎቹ አጋማሽ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ማዕከል ሐሊም ኤል ዳብ የተባሉት የግብፅ ተወላጅ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁሙ፣ ማሲንቆው፣ ክራሩ፣ ዋሽንቱና በገናው ተሰብስበው ከሊቃውንት ፊት ቆሙ። ሠርግ ቤት ከደጅ ይቀመጥ የነበረው ማሲንቆ በዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ወጣ።

ነገር ግን የምንፈራው አለ። ንቀት ቤት ይለውጣል እንጂ በቀላሉ አይሞትም። ትናንት ባላባቱ አዝማሪውን እንደ ናቀ፣ ነገ ዲግሪ የያዘው ዲግሪ የሌለውን ቢንቅ፣ የተሠራው ቤት አዲስ ግንብ ከመሆን አያልፍም። ትከሻን እንዴት እንደሚመቱ የሚያውቁ እናት በገጠር አሉ፤ ብራና ዳምጠው፣ ቀለም በጥብጠው የሚሥሉ ሊቅ በደብር አሉ። ዩኒቨርሲቲው እነዚህን በአስተማሪነት ጠርቶ፣ ስማቸውን መዝግቦ፣ ከወንበሩ ካስቀመጣቸው፣ ወጪው የአገር ዕዳ መክፈያ ነው እንላለን። ለትርኢት ብቻ ጠርቶ፣ አጨብጭቦ፣ የመንገድ ሰጥቶ ከሸኛቸው ግን የቀድሞው ሠርግ ቤት ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቤት የሚጎበኝ ሁሉ የወለሉን ስፋትና የመስኮቱን ብዛት ለመቁጠር አይቸኩል። ቤቱ ካስተማራቸው ወጣቶች አንዱን ጠርቶ «ጥበብህን ከማን ተማርክ?» ብሎ ይጠይቅ። ወጣቱ ከፕሮፌሰሩ ስም ጋራ የመንደሩን አዝማሪ ስም ሳያፍር ቢጠራ፣ ያ ቤት በእርግጥ ተሠርቷል።